ጭሱ ሰማያዊ ሲሆን

ለምሳሳልህ ለታናሽ ወንድሜ ለእንድሪያስ፤

ከቋሪት ብርድ ተነሥቶ ጅግጅጋ ነፋስ ድረስ የሚዘልቅ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ አቧራ የሚቀሰቅስብህ ሳል ተወህ ወይ? እህል ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሥራ ሥራ እያልክ በሻይ ነው የምትውለው? ቤት ያከራዩህ ሰዎችስ ደህና ናቸው? እኛ ሁላችንም ቆመን እንሄዳለን፤ ለዚህ አምላክ ይመስገን። እናታችን እማሆይ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ቤተ ክርስቲያን ከመሳም አልቀሩም። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ቀይ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ስንዴው ተወቅቶ ገብቷል።

የእጅ ጽሑፌን አይተህ እንዳትስቅብኝ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ቀኜ በፋሻ ተጠቅልሏል። ባለፈው ሳምንት ስትደውል «ትንሽ ግርግር ነበር፣ አሁን ሰላም ነው» ብዬ የዘጋሁብህ ኔትወርክ ጠፍቶ አልነበረም። በስልክ የምናገረው ነገር ስላልሆነ ነው። አሁን ባለቤቴ ፋና ወፍጮ ሄዳለች፤ ልጃችን አደይ ትምህርት ቤት ናት፤ እማሆይ ደጅ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔም ወረቀት ይዤ ከተቀመጥኩ ቆየሁ።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። ባለፈው ፋሲካ መጥተህ ስለ ሙቀት አማቂ ጋዝ ስታወራኝ «የጭስ ሐኪም» እያልኩ ሳፌዝብህ እንደ ዋልኩ ትዝ ይልሃል? ያ ያፌዝኩበት ነገር መመሪያ ሆኖ መጣ። የወረዳ ሰዎች መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ካለው ሜዳ ሰበሰቡን። እንጨት ከምሮ፣ ሣርና አፈር አልብሶ ከሰል ማክሰል ከእንግዲህ ክልክል ነው፤ ጭሱ ዓለምን እያሞቀ ነው፤ ማክሰል የፈለገ ፈቃድ አውጥቶ በብረት ምድጃ ያክስል፤ አለዚያ ክምሩ ይፈርሳል አሉን። የብረት ምድጃው የት አለ ብለን ብንጠይቅ ለናሙና የመጣ አንድ ምድጃ ወረዳው ከተማ፣ ገበዝ ማርያም ቆሟል ተባልን። አንድ ምድጃ፣ ለዚያ ሁሉ ቀበሌ! ገበያ ስወጣ ጎራ ብዬ አየሁት፤ ዶሮ ዕንቁላል ጥላበታለች።

አንተ ታውቃለህ፤ የዳገቱ መሬታችን ኮምጥጦ ገብስ እንኳ አላበቅል ሲል ነው ዲከረንስ የምንለውን የፈረንጅ ግራር የተከልነው። አንተን ዩኒቨርሲቲ ያደረሰህ፣ ይኸን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰው ከሰል ነው። ከሰል ተከለከለ ማለት ለእኛ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው። የተናደድነው ጥጋብ ይዞን አይደለም።

መመሪያውን ያነበበልን አሸናፊ የሚባል የጋይንት ልጅ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነው፤ ያንተው ሙያ። በመልክ አትመሳሰሉም፤ አቋቋሙ ግን ቁርጥ አንተን ነው። ቀጭን፣ ደብተሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ የሚቆም፣ ሰው ሲጮህበት ወደ መሬት የሚያይ። እኔ ደግሞ ምላሴን ታውቀዋለህ። ተነሣሁና «ልጄ፣ ይኸ ሰማይ የሞቀው በእኔ ክምር ነው? ፋብሪካ ያለው አገር ሁሉ እያጨሰ እኔን ልትከለክል መጣህ? ዛሬ ጭሳችንን ቆጠራችሁ፤ ነገ ደግሞ የላሞቻችንን ፈስ ልትቆጥሩ ነው» አልኩት። ሜዳው ሙሉ ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡልኝ። ልዋሽህ አልፈልግም፣ ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሳቁ ግን ሲያድር ቁም ነገር ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ቡሬ ገበያ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ከብት ሊመዘገብ ነው፣ ጋዝ ያበዛች ላም ልትወሰድ ነው ብሎ ለእኔው ለወሬው ፈጣሪ ነገረኝ። «ኧረ እኔ ለቀልድ ያልኩት ነው» ማለት ሲገባኝ «እኔም ሰምቻለሁ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ በየዕድሩ፣ በየማኅበሩ እየተነሣሁ ስናገር ከረምኩ። ሰው ስሜን ጠርቶ «ምናለ ምን ይላል?» እያለ ይጠብቀኝ ጀመር። ሁለት ወር ሙሉ ይኸ ምላሴ አንድ ቀን አላረፈም።

አሸናፊ አልተቀየመኝም። ታኅሣሥ ላይ ብቻውን ቤቴ ድረስ መጣ። የእማሆይን ጉልበት ስሞ ተቀመጠ፤ ፋና ያቀረበችለትን በላ። ከዚያ ክምር ሲሠራ አሳየኝ አለኝ። እንጨቱን ለካ፣ ጻፈ፣ ጠየቀ። ግማሽ የሚያህለው እንጨት ጋዝ ሆኖ ነው የሚጠፋብህ ሲለኝ በአፌ ተከራከርኩት እንጂ በልቤ እውነቱን ነው ብያለሁ፤ ስንት ሸክም እንደምከምርና ስንት ኬሻ እንደማወጣ እኔ ነኝ የማውቀው። ሊሄድ ሲል «የጭሱ ቀለም ሲለዋወጥ አያለሁ፤ ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «እሱን ደብተርህ ላይ ፈልገው» አልኩት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አልነገርኩትም።

አሁን ወደ ቀኑ ልግባ። ጥር አሥራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው። በዓል ስለሆነ ክምሩ አጠገብ ሰው አይኖርም ብለው አስበው ይሆናል። የእኛን አገር አለማወቅ ነው። በበዓል ቀን ማንም እርሻ ስለማይወጣ የሰፈሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው ያለው። እሳት ደግሞ በዓል የለውም፤ የተለኮሰ ክምር ጠባቂ ይፈልጋል። እኔ ከቅዳሴው ቀደም ብዬ ወጥቼ ክምሬ ዘንድ ነበርኩ። ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ነጩ ጭስ አልቆ ሰማያዊው መውጣት ጀምሯል። ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ፤ ጭሱ ሰማያዊ ሲሆን እንጨቱ ከሰል ሆኗል፣ ውስጡ ፍም ነው፣ አፈሩ ቅርፊት ሆኖ ከላይ ቆሟል እንጂ ከሥሩ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ክምር ላይ ድመት እንኳ አይወጣም። ልጅ ሆነን እማሆይ በአለንጋ ያስተማሩን ነገር ነው።

አሸናፊ ከስምንት ሚሊሻ ጋር መጣ። መጀመሪያ የጎረቤታችንን የዳኘውን ክምር በአካፋ ናዱት። ያልበረደ ክምር አየር ሲያገኝ ምን እንደሚሆን አልነግርህም። እሳቱ ጓ ብሎ ተነሣ፤ የዳኘው የስንት ቀን ድካም እያየነው አመድ ሆነ። የአንዱ ሚሊሻ ቅንድብ ተለበለበ። ሰዉ ጭሱን አይቶ ከቤተ ክርስቲያን እየሮጠ መጣ። ዳኘው ነጠላውን አገልድሞ ከፊት ደረሰና ሽመሉን በዚያ ቅንድቡ በተለበለበው ሚሊሻ መንጋጋ ላይ አሳረፈው። ጥርሱ መሬት ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ነው። ሴቶቹ በቀሚሳቸው እየቋጠሩ ያቀብላሉ፣ ወንዱ ይወረውራል። «ከብታችንን ሊወስዱ ነው!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። የእኔ ቀልድ ነው፣ እንድሪያስ። የእኔው ቀልድ ድንጋይ ይዞ መጣ። ሚሊሻዎቹ ወደ ሰማይ ተኮሱ፤ ማንም አልሸሸም። ቀጥሎ ወደ ሰው ተኮሱ። አንዱ ሚሊሻ ወንዳወቅን መታው። አብራችሁ አንደኛ ክፍል የገባችሁትን ወንዳወቅን ነው የምልህ። ድንጋይ እንኳ አልያዘም፤ ገላጋይ ሆኖ ነበር የገባው። ጥይቱ አንገቱ ሥር ገባ። እጁን አንገቱ ላይ አደረገ፣ መልሶ እጁን አየው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የቅዳሴ ነጠላው እስኪጠቁር ድረስ ደም ጠጣ። ሦስት ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ከኋላ ነበሩ።

ያን ያየ ሰው ሰው መሆኑ ቀረ። የተኮሰውን ሚሊሻ ይዘው መሣሪያውን ነጠቁትና በገዛ ሰደፉ ጭንቅላቱን እየደጋገሙ መቱት። ሲወድቅም አልተዉትም። የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ አብሬያቸው ጠበል የምቀምስ፣ ልጃቸውን ክርስትና ያነሣሁላቸው። የድብደባውን ድምፅ ዛሬም ጎመን ሲከተፍ እሰማዋለሁ፤ ፋና ስትከትፍ ከቤት እወጣለሁ።

በዚህ መሃል አሸናፊ ከፍ ያለ ቦታ ፈለገ። ከፍ ያለው የእኔ ክምር ነበር። ሮጦ ወጣበትና ሁለት እጁን ዘርግቶ «አቁሙ! በእመቤታችን ይዣችኋለሁ፣ አቁሙ! መመሪያው ይቅር፣ እኔው እጽፋለሁ፣ ይቅር!» እያለ መጮህ ጀመረ። እንዲያው ሰው ሊያድን ነው የወጣው።

እኔ ከአሥራ አምስት እርምጃ ላይ ቆሜያለሁ። ጭሱን አየሁት። እግሩን አየሁት። አፈሩ በየት በኩል እንደሚበሳ ሳይቀር አውቅ ነበር። «ውረድ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አንዲት ቃል። አላልኩም። ድምፄ የጠፋ እንዳይመስልህ፣ ፈርቼም አይደለም። የወንዳወቅን ደም አይቼ፣ የዳኘውን አመድ አይቼ በልቤ «ይየው» አልኩ። እንዲህ ማለቴን ከአምላክ በቀር አንተ ነህ የመጀመሪያው ሰሚ። ሁለት ወር ያላረፈ ምላሴ ያን ጊዜ አረፈ።

ዳኘው ሽመሉን እንደ ያዘ ወደ ክምሩ ሮጠ። ሊያወርደው ይሁን ሊመታው አላውቅም። ሳይነካው ልጁ ቀኝ እግሩን አነሣ፤ መልሶ ሲያሳርፈው አፈሩ ከዳው። እስከ ወገቡ ገባ።

ጩኸቱን አልጽፍልህም። ከዚያም በኋላ እንኳ አንድ ሁለት ድንጋይ ተወርውሮበታል። እኔን ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ ራሴን ክምሩ ላይ አገኘሁት። መንሹን አግድም ጥዬ በሆዴ ተኛሁበትና ብብቱን ይዤ ጎተትኩ። ቀኝ እጄ አፈሩን በስቶ ፍሙ ውስጥ ገባ፤ አልለቀቅሁትም። ሲወጣ ሱሪው ከቆዳው ጋር እዚያው ቀረ። ደብተሩም አብሮ ተቃጠለ። ተንጋልሎ ሳለ ዓይኔን አየኝና «እጅህ፣ ጋሼ፣ እጅህ» አለኝ።

በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አወጡት፤ ከዚያ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወሰዱት። ወንዳወቅን በማግሥቱ ቀበርነው። የተደበደበው ሚሊሻ እስካሁን አፍ አልፈታም። መመሪያው «እስኪጣራ ለጊዜው ቆሟል» ተባለ። ሰዉ አሸነፍን ይላል፤ ማዶ ለማዶ እንደገና ነጭ ጭስ ይታያል። እኔም በመመሪያው ላይ ሐሳቤን አልለወጥኩም። ሌላ እንጀራ ሳያሳዩ እጅ ማሰር ነው፤ ዛሬም ብትጠይቀኝ ይኸንኑ እልሃለሁ። ነገር ግን ክብሪት አንሥቼ ክምር መለኮስ አቃተኝ። የቆረጥኩት እንጨት እዚያው ዝናብ ይጠብቃል።

የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ጀግና አደረጉኝ። ከሕዝቡም ከመንግሥትም ወገን የሚያመሰግነኝ በዛ፤ «ጠላቱን ከእሳት ያወጣ ክርስቲያን» ይሉኛል። ጥር ሃያ ቀን የልጁ አባት ከጋይንት መጡ። በዱላ የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። ቤቴ ገብተው ሳይቀመጡ ጎንበስ አሉና ይኸን የተጠቀለለ እጄን ሳሙት። «ልጄ ሲነቃ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ያ ያወጣኝ ሰውዬ እጁ እንዴት ሆነ እያለ ነው፤ ሄደህ እይልኝ ብሎኝ ነው የመጣሁት» አሉኝ። እጄን ልቀማቸው ብል አልለቅ አሉ። እማሆይ ከጥግ ተቀምጠው ያዩ ነበር።

ሰውዬው ሲሄዱ እማሆይ መቁጠሪያቸውን አስቀምጠው «ጭሱን አላየኸውም ነበር?» አሉኝ። እሳቸውም ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከሩቅ አይተውት ኖሯል፤ ዕድሜ ልካቸውን ያዩት ቀለም ነው። «አላየሁም፣ እማሆይ» አልኳቸው። «እሺ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቁኝም። ያን «እሺ» ከምሰማ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ አሸናፊ ሞተ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ስማ። ልጁ ተገፍቶ ነው የገባው የሚል ወሬ ተነሣ። ሽመል ይዞ ክምሩ ሥር የታየው ዳኘው ነው፤ ሚሊሻውን መምታቱንም ሁሉም አይቷል። ይዘው አስረውታል። ሚስቱ ንግሥቴ ትናንት ሕፃኗን አዝላ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። «ከሁሉም አጠገብ የነበርከው አንተ ነህ፤ አልገፋውም ብለህ ማልልኝ» አለችኝ። እሑድ እናገራለሁ ብዬ ሸኘኋት።

እሑድ አውጫጭኝ አለ። ከአያታችን ወዲህ የቀረ መስሎህ ይሆናል፤ ሽማግሌዎቹ እንደገና አወጁት። የአገሩ ሰው በሙሉ ያ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ያየ ያየውን በመሐላ ይናገራል፣ ያየውን የደበቀ ይረገማል። መሐላውን የሚያስምሉት የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አያ ተስፋው ናቸው። የአሸናፊ አባትም እንዲገኙ ተጠርተዋል። በፊት ለፊት መናገር የፈራ እንደ ጥንቱ በሚስጥር ለሽማግሌዎቹ ሹክ ሊል ይችላል፤ እነሱም «ወፍ ነገረችን» ብለው ያወጡታል፣ ስም አይነሣም። ሦስት ቀን እሱን ሳስብ ነበር። ማንም አልገፋውም ብዬ በወፏ በኩል ብልክ ዳኘው ይድናል፣ እኔም ጀግና እንደ ሆንኩ እኖራለሁ፤ ሽማግሌው የሳሙት እጅም የተሳመ ሆኖ ይቀራል።

አልችልም። ትናንት እማሆይ ሲጸልዩ ሰማኋቸው፤ የሚጸልዩት ስሜን እየጠሩ ነው። እሑድ ቆሜ እናገራለሁ። ማንም አልገፋውም፤ ጭሱ ሰማያዊ ነበር፤ አይቼው ዝም አልኩ፤ የከብቱንም ወሬ የፈጠርኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ዝም ያለን ሰው ሕግ ምን እንደሚለው አላውቅም። የወንዳወቅ ወገኖች ለጠላት አደረ ይሉኝ ይሆናል፤ ያን ቀን ያየሁትን ስላየሁ ምን ሊያደርጉኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ከሁሉ የምፈራው ግን የአባትየውን ፊት ነው። አንድ ነገር ብሆን እማሆይን፣ ፋናንና አደይን አደራ። አደይ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ።

እማሆይ ወለተጊዮርጊስ በጸሎታቸው አልረሱህም፤ ጉንጭህን ስመውሃል። ፋና «ሚስት ሳታገባ እንዳትመጣ» ብላሃለች። አደይ የላክህላትን መጽሐፍ ጨርሳ ለጓደኞቿ ታውሳለች፤ አጎቴን ሳሙልኝ ትላለች። ያከራዩህን ሰዎች ሳላውቃቸው በጣም አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ ሲያምህ ውኃ ያቀበሉህ እነሱ ናቸው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምንህና ላብቃ። አንተም እዚያ ሰው አገር ደብተርህን ይዘህ፣ መመሪያ እያነበብክ፣ የተቆጣ ሕዝብ ፊት ትቆማለህ። ከፍ ያለ ነገር ላይ ስትወጣ መጀመሪያ የሰዉን ፊት እይ። የሚጮኸውን አትፍራው። ሁሉም ሲጮህ አንድ ሰው ብቻ አፉን ዘግቶ እግርህን እግርህን እያየ ከቆመ ግን ያ ሰው እኔ ነኝ። እሱ አይነግርህምና እኔ ልንገርህ፤ ውረድ፣ ወንድሜ። ውረድ።

ወንድምህ ምናለ
ቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ወረድ ብሎ
ዓርብ፣ ጥር 26 ቀን 2015 ዓ.ም.